ለእንግዳ የተቆለፈው መታጠቢያ ቤት

አክስቴ የምታስተምረውን ነገር ራሷ ታምንበት ነበር? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቆማ ለሴቶችና ለልጃገረዶች ስለ ጤናና ስለ ንጽህና አስተምራለች። ንግግሯን አንድ ቃል ሳታዛንፍ ስትወጣው በሰማሁ ቁጥር ከልቧ ይሁን ወይስ ሰው ፊት መቆሙ ጣፍጧት ይሁን መለየት አቃተኝ።

የአባቴ እህት ናት። የምትኖረው ከእኛ ቤት በጣውላ በተከፈለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታለች። አንሶላው በደም ተጨማልቆ ይመጣላታል፣ ነጭ አድርጋ ትመልሳለች፣ በማግስቱ ያው አንሶላ ተጨማልቆ ይመጣል። ጡረታ ስትወጣ አንድ ድርጅት በቤተ ክርስቲያኑ በኩል የአምስት ቀን ሥልጠና ሰጣት። አምስት ቀን! ከአምስቱ ቀን በኋላ ወረቀቷን በመስታወት አስገብታ ግድግዳ ላይ ሰቀለች፤ ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ውስጥ ንጹህ ሰው አልቀረም።

ሰላም ስትላት መጀመሪያ የምታየው ጥፍርህን ነው። ሰው ቤት ስትገባ ወንበሩን በመሐረብ ጠርጋ ትቀመጣለች፤ ያውም የቤቱ እመቤት እያየቻት። የጎረቤት ሕፃን ሲያስነጥስ እናቱን ትገላምጣለች። ልጃገረዶቹ «በረኪና» የሚል ስም አውጥተውላታል። ቀሚሷ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይሸታልና ስሙ ለጠፈባት። ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነው የሚሏት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴና እናቶቹ ደግሞ «መምህርት» ይሏታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጡረተኛ አጣቢ ናት። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት መምህርት ናት። ትምህርቱ ቢዘጋ የሚቀራት እነዚያ የተሰነጣጠቁ እጆቿ ብቻ እንደሆኑ እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን።

ወደ ትምህርቱ ወንድ አይገባም። ነገር ግን የአዳራሹ መስኮት መስታወቱ ከረገፈ ዓመታት አልፈውታል፤ ስለዚህ ግቢው ሁሉ ይሰማል። አዳራሹ ውስጥ ውሃ የለም። እንደዚያም ሆኖ እጅ መታጠብ ከነሰባቱ ደረጃው ይማራሉ። ሃያ ሦስት ልጃገረዶች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አየሩን ያሹታል።

«መዳፍ በመዳፍ! በጣቶች መሐል! አንቺ ባለ ቀይ ሹራብ፣ አውራ ጣትሽን ረሳሽ!»

«አሽቻለሁ እትዬ።»

«አላየሁሽም። ድገሚ። ደግሞ ሳትለቃለቂ ነው እንዴ የምትቀመጪው? ሳሙናው እጅሽ ላይ ነው'ኮ!»

ልጅቷ የሌለውን ሳሙና በሌለው ውሃ ተለቃልቃ ትቀመጣለች። ማንም አይስቅም። የሚሳቀው ውጭ ነው።

እንግዲህ ለእነዚህ ልጆች ከአዳራሹ ጀርባ መታጠቢያ ቤት ተሠራላቸው። ሥራውስ ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። ሁለት መጸዳጃ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ መስታወት፣ ነጭ ሴራሚክ፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ውሃ የሞላ ታንከር። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ ጨርቋን የምትለውጥበትና የምትታጠብበት ቦታ አጥታ ከትምህርት እንዳትቀር ነው የተሠራው፤ ግድግዳው ላይ በትልቁ እንደዚያ ተጽፏል። የምረቃው ቀን ሪባኑን የቆረጠው የኮሚቴው ሊቀመንበር ነው። ንግግር ያደረጉት አራት ወንዶች ናቸው። «የወር አበባ» የሚለውን ቃል ከአራቱ አንዱም አልደፈረውም፤ «ያ የሴቶች ጉዳይ» እያሉ አለፉት። ገንዘቡን የሰጡት እንግዶች መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ሊቀመንበሩ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለአክስቴ ሰጣት።

«መምህርት፣ ከሦስት ወር በኋላ ሊያዩት ይመጣሉ። እስከዚያ እንዳይበላሽ።»

«ማን ይነካዋል ጋሼ!» አለች።

እውነትም ማንም አልነካውም። አክስቴ በየሳምንቱ ዓርብ ገብታ በረኪና ታፈስበታለች፤ ማንም ያልረገጠውን ወለል ትፈገፍጋለች፤ ፊት ያልታየበትን መስታወት ትወለውላለች። በሩ ላይ «ሳይፈቀድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ዕድሜዋን ሙሉ ያጠበችው ሁሉ በማግስቱ ቆሽሾ ሲመለስባት ኖራ፣ በስተርጅና ነጭ ሆኖ የሚቀር ነገር አገኘች። ነጭ ሆኖ የቀረው ደግሞ ማንም ስላልገባበት ነው። ይህን ለማሰብ አምስት ቀን ሥልጠና አያስፈልግም፤ ግን ከኮሚቴው እስከ እሷ ድረስ አንድም ያሰበው የለም።

ልጆቹ ታዲያ የት ይሄዳሉ? ከግቢው በር ትይዩ ያለችው ልብስ ሰፊ ጋ። ይህች ሴት ለትምህርቱ የሚታጠበውን የጨርቅ ሞዴስ የምትሰፋ ናት። ጓሮዋ አንድ የጉድጓድ መጸዳጃ አለ፤ በሩ የተቀደደ መጋረጃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ሰልፍ ነው። አንዷ ስትገባ ሌላዋ መጋረጃውን ትይዝላታለች።

ልብስ ሰፊዋ አክስቴ በደጇ ባለፈች ቁጥር አትለቃትም።

«አንቺ! ያንን ቤተ መንግሥትሽን አጠብሽ ዛሬ?»

«ሥራሽን ሥሪ።»

«እየሠራሁ ነዋ! የአንቺንም የእኔንም። ተማሪዎችሽ ጓሮዬን ሞልተውታል፤ ለምን ፖስተርሽን ይዘሽ መጥተሽ እዚህ አታስተምሪም?»

አክስቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ታልፋለች፤ አፍንጫዋን ግን በመሐረብ ትይዛለች።

እንግዶቹ ሊመጡ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ስለ ወር አበባ የሚሰጠው ስድስተኛው ትምህርት ደረሰ። እኔ በዚያን ሰዓት ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነበር፤ የመዘምራኑ ወንዶች ልጆች ደረጃው ላይ ተደርድረው ያወራሉ። የአክስቴ ድምፅ በመስኮቱ ይወጣል፦

«የወር አበባ ተፈጥሮ እንጂ ነውር አይደለም። ልጃገረዷ ንጹህ ውሃ፣ ንጹህ ጨርቅና የሚዘጋ በር ያስፈልጋታል። በሉ!»

«… የሚዘጋ በር ያስፈልጋታል» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። የሰፈራችን አናጢ ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

«እትዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የኋላውን።»

«ቁጭ በይ፣ ትምህርት አላለቀም።»

«እትዬ… መጣብኝ።»

ጓደኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀሚሷን ነክቶታል እትዬ» አለች።

«እንግዳ ሳያየው? ትናንት ነው'ኮ ያጠብኩት! ልብስ ሰፊዋ ጋ ሂጂ፣ ቅርብ ነው።»

«ደጅ ላይ ወንዶቹ አሉ።»

«ቢኖሩስ? ነውር አይደለም ብዬ አሁን አላስተማርኩሽም?»

ይህን ያለችው ዓይኗን በጨው አጥባ ነው። ልጅቷ ወጣች። ጓደኛዋ ደብተሯን ዘርግታ ከኋላዋ ልትከልላት እየሞከረች ተከተለቻት፤ ግን ልጅቷ እየሮጠች ነበርና ደብተሩ አልደረሰባትም። ከደረጃው ላይ አንዱ፣ «ምነው፣ ቀለም ቀቢ ሆንሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ከዛፉ ሥር አልተነሳሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የአናጢው ልጅ ቀረች። ከእሷ ጋር አሥራ ሦስቱ ቀሩ። በሚቀጥለው አዳራሹ ውስጥ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ እነሱም እናቶቻቸው በግድ የላኳቸው ናቸው። አክስቴ ለሁለቱም ሰባቱን ደረጃ አሳጠበቻቸው። ማታ እናቴ፣ «ለምን ሄደሽ ልጅቷን አታናግሪያትም?» ብትላት ቅጥል አለች።

«እኔ ምን አጠፋሁ? ታዝዤ ነው! እንግዶቹ ይምጡና ቤቱን ይዩት፤ ሁሉም ነገር ይስተካከላል።»

እንግዶቹ መጡ። ሊቀመንበሩ ልጃገረዶች እንደሌሉ ሲያውቅ አግዳሚዎቹን በእናቶች ሞላቸው፤ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ሳትቀር እጇን ዘርግታ አየር አሸች። እኔን ወንበር እንዳመላልስ ጠርተውኝ ስለነበር ሁሉንም አየሁ። ከእንግዶቹ አንዷ ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ ትንሽ ማስታወሻ የያዘች፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ሊቀመንበሩ ስለ ራዕይ ሲናገር አቋረጠችውና እጄን ልታጠብ አለች። አክስቴ ልቧ አበጠ። ቁልፉን ከጉያዋ አወጣች፣ በሩን ከፈተች፣ ገለል ብላ ቆመች። ሴራሚኩ ዓይን ይወጋል።

እንግዳዋ ገባች። ቆየች። ስትወጣ ሳሙናውን ከነወረቀቱ ይዛ ነው።

«በሳምንት ስንት ልጆች ይጠቀሙበታል?»

«ኧረ ሰልፍ ነው!» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሳሙናው ግን ከወረቀቱ አልወጣም።»

«እሱማ… ዛሬ ተለውጦ ነው።»

«የቆሻሻ መጣያው ከላስቲኩ አልወጣም። መቀመጫው ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው።» ወደ አክስቴ ዞረች። «ያጠቡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎን። በየሳምንቱ።» ምስጋና የጠበቀች ይመስለኛል።

«ልጆቹስ የት ነው የሚሄዱት?»

ያኔ ከግቢው በር ላይ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ልብስ ሰፊዋ፣ «እኔ ጋ ነው የኔ እመቤት! ይምጡና ይዩት፣ በሩ መጋረጃ ነው፤ በዚህ በኩል አንድ ቀዳዳ አለው፣ በዚያ በኩል ሁለት!» አለች።

እንግዳዋ ማስታወሻዋን ዘግታ ተከትላት ሄደች። ሊቀመንበሩ ኩም አለ። ከዚያ ግን ትከሻውን ቀና አድርጎ፣ ለቀሩት እንግዶች ሁሉ እንዲሰማ፣ «ቁልፉን የያዘችው እሷ ናት። እኛ ክፍት ይሁን ብለን ነበር» አለ።

አክስቴ ክው አለች። «እርስዎ አይደሉም እንዴ ጋሼ…»

«ቁልፉን አምጪ።»

ሰጠችው።

«ትምህርቱም ለጊዜው ይቁም። ለሥራው የሚመጥን ሰው ኮሚቴው ይፈልጋል።»

በአንድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ዓመቷ አለቀ። እውነቱን ለመናገር አላሳዘነችኝም። ባለጌ ባለጌን ሲከዳ የሚያሳዝን ነገር አይታየኝም። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተኛችም። በጣውላው ስንጥቅ መብራቷ ይታየኛል፤ ስትንቆራጠጥ እሰማታለሁ። ውሃ ትቀዳለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ተነስታ ትታጠባለች። አራት ሌሊት እንደዚህ ሆነች። እናቴ መድኃኒት ቤት ትሂድ አለች፤ አባቴ ዝም በሏት አለ።

ረቡዕ ዕለት ኮሚቴው ስብሰባ ነበረው። በግቢው ሳልፍ ሊቀመንበሩ እጁን በመሐረብ እያደረቀ ከመታጠቢያ ቤቱ ሲወጣ፣ ሌላው ሲገባ አየሁ። ቤት ደርሼ ነገርኳት። ሊያማት እንደሚችል አውቃለሁ፤ ለዚያው ነው የነገርኳት።

«እነሱ ገቡበት?»

«ገቡበት።»

«ሳሙናውስ?»

«ከፍተውታል።»

መዳፏን አየች። «ከውስጥ ዘግተው ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ከውስጥ መዝጊያ የለውም'ኮ። አንዱ ሲገባ አንዱ ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል።»

ዘጠኝ ዓመት «የሚዘጋ በር» እያለች ያስጠናች ሴት፣ ያ በር የሚዘጋው ከውጭ ብቻ እንደሆነ አላስተዋለችም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ተከተልኳት። የሄደችው አናጢው ጋ ነው። ሰውዬው ሰጋቱራ ውስጥ ቆሞ ጣውላ ይልጋል። ቀና ብሎ አያት፤ መላጊያውን ግን አላቆመም።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ቁልፍ እንድትነቅልልኝ።»

«የማንን?»

«የመታጠቢያ ቤቱን። ነቅለህ ከውስጥ መቀርቀሪያ ግጠምለት።»

መላጊያው ቆመ። «ልጄን እንደዚያ ሆና በወንድ መሐል ያስኬድሻት አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይቅርታ ማለት የለም?»

«ቁልፍ ላስነቅል ነው የመጣሁት።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ አልተሠራም። አናጢው ለመሳደብ አፉን ከፈተ፤ መላጊያውን ወንበር ላይ ጣል አደረገ፤ ከዚያ እንደ መሳቅ አለ።

«ኮሚቴው ቢከሰኝስ?»

«በረኪና ነች ያዘዘችኝ በላቸው።»

ለካስ ስሟን ታውቀው ኖሯል።

አናጢው ካቻቢቴውን ይዞ መጣ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ሊቀመንበሩ ወሬ ደርሶት እያለከለከ ሲደርስ መቀርቀሪያው ተገጥሞ አልቋል።

«ማን ፈቀደልህ? የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው!»

«ጋሼ፣ ቁልፍዎ ኪስዎ ውስጥ አለ አይደል?» አለ አናጢው።

«አለ!»

«እንግዲህ ማን ወሰደብዎት?»

ልብስ ሰፊዋ ከበሯ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሊቀመንበሩ አክስቴን፣ «አዳራሹን ሁለተኛ እንዳትረግጪ» ብሎ ዞሮ ሄደ። እሷም አልረገጠችውም። መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ መወልወያዋን ይዛ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ልጃገረዶቹ ለመዝሙር ልምምድ ሲመጡ ልብስ ሰፊዋ ሰልፉን ከጓሮዋ እየነዳች አመጣችው። «ሂዱ! ሂዱ! እዚያ መስታወትም አለ!» ልጃገረዶቹ ገቡ። ጭቃ ይዘው ገቡ። ውሃ ተረጫጩ፤ መስታወቱ ላይ በጣታቸው ጻፉ፤ ሳሙናውን ጣሉት፤ አንዷ መጣያውን በእግሯ እየከፈተች ስትዘጋው፣ ክዳኑ በጮኸ ቁጥር ሌላዋ ትስቃለች። አንዷ በወጣች ቁጥር አክስቴ ገብታ ትወለውላለች። ከንፈሯን ነክሳ።

«ይተዉት እትዬ፣ ገና ሌላ ይገባል'ኮ» አለቻት አንዷ።

አልተወችውም። አሁንም ልጆቹን አትወዳቸውም ነበር፤ ጥፍራቸውን ስታይ አይቻታለሁ። በዚህ ሥራዋ ደግ ሴት ሆነች የሚል ካለ አያውቃትም።

ወደ አስር ሰዓት ገደማ የአናጢው ልጅ መጣች። ሰላም አላለቻትም። በአጠገቧ አልፋ ገባች፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ቀጭ ሲል ተሰማ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ወረደ። አክስቴ መወልወያውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ጠበቀች። ልጅቷ ስትወጣ እጇን አራገፈችው፤ ውሃው የአክስቴ ቀሚስ ላይ ተረጨ።

«ዛሬ ትምህርት የለም?» አለች ልጅቷ።

«ተዘግቷል።»

«እሰይ!» አለችና ወደ ጓደኞቿ ሄደች።

አክስቴ ገብታ ወለሉን የመጨረሻ ጊዜ ወለወለች። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ክፍሏ ገብታ፣ እጇን ሳትታጠብ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተንጋለለች። በጣውላው ውስጥ ሳዳምጥ ማንኮራፋት ጀመረች። ፀሐይ ገና በመስኮት ትገባ ነበር፤ ሰዓቱም ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ።